ከበቅሎ የሚወረድለት ቪላ

ኅዳር 18 ቀን 1929

ጠጅ ቤት በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሮማ እኮ ወደ ደብረ ማርቆስ ልትመጣ ነው» አለ አንደኛው። ደነገጥኩ። ዓባይን በምን ትሻገራለች? ከነሕዝቧ ነው ወይስ ባዶዋን? ደግሞስ የት ትቀመጣለች?

ከሰዓት በኋላ ጣሊያኑ መሐንዲስ ካርታውን ሲዘረጋ አየሁት። አክስቴ እትዬ ማሬ ደጅ ላይ።

ኅዳር 21

ሮማ የተባለው ሊሠራ የታሰበ የጣሊያን ሹማምንት መንደር ነው። አራት ቪላ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በረድፍ የቆመ ዛፍ። አስተርጓሚው እኔ ነኝና ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዱ የትሪፖሊ ቤት፤ ጣራው ሜዳ። «እዚያ ዝናብ የለም» አለ መሐንዲሱ። እዚህስ? አልኩ በሆዴ። ሐምሌ ያስረዳዋል። ሁለተኛው የአልፕስ ተራራ ቤት፤ በረዶ እንዳይከመርበት ጣራው ሹል። ሦስተኛው የቬኒስ፤ ባገሩ ውሃ ላይ የሚሠራ። እኛ ውሃ የምናመጣው በአህያ ነው...

አራተኛው፣ የአዛዡ የካፒቴኖው ግን «ሀገርኛ» ይሆናል።

ታኅሣሥ 4

ሀገርኛው ከየት እንደተገኘ ታወቀ። መሐንዲሱ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲሥል ዋለ። ክብ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል። መስቀሉን ትቶ ባንዲራ ሰካበት። መናገር ነበረብኝ? አስተርጓሚ ነኝ። ያልተባለ አላስተረጉምም።

ታኅሣሥ 19

የእትዬ ማሬ ጎጆ ላይ ምልክት ተደረገ። ከፋሲካ በኋላ ይፈርሳል፤ የካፒቴኖው አበባ ይተከልበታል። ነገርኳት። አላለቀሰችም። ምሰሶውን እየዳበሰች፣ «ይህን ያቆመው ሟቹ ባሌ ነው። እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለች። ከዚያ «የጣሊያን አፍ» ብላ ራት ከለከለችኝ።

መጋቢት 12

ቪላው አለቀ። ዛሬ ከአምበር የመጡ አንድ ሽማግሌ ጉልላቱን ከሩቅ አይተው ከበቅሎ ወረዱ። ጋቢያቸውን አደግድገው ሰገዱ።

«የማን ታቦት ነው ልጄ?»

«ታቦት የለውም አባቴ፤ ካፒቴን ነው ያለው።»

«ያማልደን» አሉና ስግደቱን ደገሙት።

መጋቢት 20

ገበያተኛው ሁሉ መውረድ ጀምሯል። ግማሹ ተሳስቶ። ግማሹስ? ከቁይ የመጡት ሴቶች ሲሰግዱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጸሎት ይሁን ሳቅ አልጠየቅኩም።

ካፒቴኖው በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቷል። እጁን እያነሣ ይመልስላቸዋል። ለምን እንደሚሰግዱ ጠየቀኝ። ቤቱን አክብረው ነው አልኩት። እውነት ነው... ደስ ብሎት ለአለቆቹ ጻፈ አሉ።

መጋቢት 27

ሰዉ በቅሎውን የሚያስረው እትዬ ማሬ አጥር ላይ ነው። እሷም ውሃ በእንስራ አውጥታ ታጠጣለች። ምን እያሰበች ነው? ዝም ብላ የምታጠጣ ሴት አይደለችም።

ሚያዝያ 1

ካፒቴኖው ዘንድ አቅርበኝ አለች። አቀረብኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ንገረው» አለችኝ። «በቅሎ የሚታሰረው እኔ አጥር ላይ ነው። ቤቴን ካፈረሰ አጥር የለም። ማሰሪያ ከሌለ ደግሞ ማን ይወርድለታል?»

አንድ ቃል ሳልጨምር አስተረጎምኩ። ካፒቴኖው ወደ መንገዱ ዞረ። ማንም የማይወርድበት መንገድ ታይቶት ይሆን? ጎጆው እንዳይነካ አዘዘ። አጥሩም በመንግሥት እንጨት ይታደስ አለ።

ራት ተፈቀደልኝ። ሁለቴ ተጨመረልኝ።

ግንቦት 3 ቀን 1933

ይህን ማስታወሻ ከቀበርኩበት ዛሬ አወጣሁት። ጣሊያን ሄዷል። የትሪፖሊው ጣራ ገና በመጀመሪያው ክረምት ነው የወረደው። የአልፕሱ ጎተራ ሆኗል። የቬኒሱ አሁንም ውሃ ይጠብቃል።

ሀገርኛው ደህና ነው። ሰው ዛሬም ይወርዳል፣ ይሰግዳል። እትዬ ማሬ በመስኮት ብቅ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ገብታበታለች። የካፒቴኖው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አረቄ ታወጣለች።

ጎጆሽስ? አልኳት። ያፈስ ነበር አለች።

አፍርሳ ማገዶ አድርጋዋለች። ምሰሶው በደንብ ደርቋል፤ ሳይጨስ ይነድዳል።