የመከታ ድርሻ

ጥቅምት 14

ድንች ስቆፍር ዋልኩ። ግማሹን ትል በልቶታል። ጉልበቴ እንደ ልማዱ... እኔን ጡረታ አወጡኝ፣ ጉልበቴን ግን ማንም አላሰናበተውም።

መከታ ገና ሳይነጋ ወደ ይርገዱ በጎች ሄደ። እኔ በግ የለኝም፤ ያለኝ ውሻ ነው። የይርገዱ ባል ከሞተ ወዲህ ማንም ሳያዘው ራሱን ቀጥሮ የጎረቤት በግ ይጠብቃል። ሌሊት ጅብ፣ ቀን ቀበሮ... እሱ ካለ አይደፍሩም።

ሲመሻሽ ይርገዱ የበግ ራስ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። አንድ በጓን አዙሪት ይዞት ነበር። ከክረምት ወዲህ ሦስተኛው ነው። ቆሞ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሳይሞትባት አረደችው።

"ራሱ የመከታ ድርሻ ነው፣ መምህር። ደሞዝ የምከፍለው ሌላ ምን አለኝ?"

በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ከሄደች በኋላ መጥረቢያ አምጥቼ ራስ ቅሉን ፈለጥኩለት፤ ብቻውን አይሰብረውማ። አንጎሉ ላይ የእንቁላል ያህል ፊኛ ነበር፣ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ። ውስጡ ሰሊጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተበትኖበታል። ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የሚገርም ነው አልኩ። መከታ ከመዳፌ ላይ ላሰው።

ጥቅምት 15

መከታ ቂጡን መሬት ላይ እየጎተተ ግቢውን ዞረው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥቅምት 28

ይበላል፣ አይወፍርም። ጎድኑ ይቆጠራል። ጸጉሩም አመድ መስሏል። ቂጣና የጠላ አተላ አልበቃው ይሆን?

ለይርገዱ "ውሻው ከሳብኝ" ብላት ደነገጠች። "ለእኔ ሲሮጥ እኮ ነው የከሳው! ኧረ እኔ አለሁለት። ሰፈር የታረደውን ራስ ሁሉ እለምንለታለሁ።"

ደርቤም በደጄ አለፈ። የሟቹ ባሏ ወንድም ነው። ቆም ብሎ፣ "ያ ግቢ እርግማን አለበት፣ መምህር። ወንድሜን በላ፣ አሁን ደግሞ በጉን ይዟል። ሴትዮዋ ጎንደር ልጇ ዘንድ ብትገባ ይሻላታል" አለኝ። መሬቷን እንደሚፈልገው የማያውቅ የለም። ወደ ድንቼ ተመለስኩ።

ኅዳር 3

ሰዉ ለጾሙ ቅበላ ማረድ ጀምሯል። ይርገዱ እውነትም ለምና ሁለት ራስ አመጣች። ሁለቱንም ፈለጥኩለት። እስኪጠግብ በላ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 9



እየሩስ መጣች፤ የቀበሌው የከብት ሐኪም። ዳባት ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማርኳት ልጅ። ለመከታ የእብድ ውሻ ክትባት ልትሰጠው ነው የመጣችው። ያዝኩት፣ ወጋችው። ስለቀው ቂጡን መሬት ላይ ጎተተ። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ቲቸር፣ ይሄ ውሻ የበግ ራስ ይበላል?"

"እየፈለጥኩለት!" አልኳት። ኩራት ነበረበት አነጋገሬ።

አሩን በእንጨት ገልብጣ አሳየችኝ። የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር... ይንቀሳቀሳል።

"የውሻ ኮሶ ነው። አንጎሉ ላይ ያለውን ፊኛ ሲበላ ሆዱ ውስጥ ኮሶ ይሆናል። እንቁላሉ ከአሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። በጎቹ ሣሩን ይግጣሉ፣ ትሉ ወደ አንጎላቸው ይወጣል። አዙሪት ማለት እኮ ይሄ ነው።" ቀጥላ አንገቷን ደፍታ፣ "እርስዎ ነዎት እኮ ስለ ኮሶ ያስተማሩኝ። ክብ ሠርተው... ቀስቱን በቀይ ጠመኔ" አለች።

አዎ። ሃያ ሰባት ዓመት ያንን ክብ ስስል ኖርኩ። "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል" እያልኩ።

የከሳው ርቦት አልነበረም። እኔ ግን ከሳ ብዬ ራስ ጨመርኩለት። በጎቿን የሚጠብቅላት ውሻ በጎቿን ሲጨርስ... መጥረቢያውን የያዝኩት እኔ።

እየሩስ ቦርሳዋን በርብራ እንክብል ሰጠችኝ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ነው። ሌላው የተዘጋው የጎንደር መንገድ ሲከፈት ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚከፈት ደግሞ ማን ያውቃል። የበጉን ራስ ማቃጠል፣ ካልሆነም በጥልቅ መቅበር ነው አለች። የውሻውንም አር እንዲሁ። እሷ ነገ ለክትባት ዘመቻ ወደ በየዳ ትወጣለች።

"ለጎረቤቶችዎ ይንገሩልኝ፣ ቲቸር። እርስዎን ይሰማሉ።"

እሺ አልኳት።

ኅዳር 11

እንክብሉን በቅቤ ለውሼ ሰጠሁት። ዛሬ ወጣለት። ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ጥብጣብ። በጭራሮ አቃጠልኩት። ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ኅዳር 13

ልነግራት ሄድኩ። ጉረኖው በር ላይ ቆማ መከታን ታሻሸዋለች። "ይሄ ባይኖር ኖሮ እኮ አንድ በግ አይተርፈኝም ነበር" አለችኝ።

ምን ልበላት? በገዛ እጅሽ ያበላሽው ነው የጨረሰሽ ልበል? የለመንሽለትም ጭምር?

ስለ ድንች አውርተን ተመለስኩ። ለእሷ አዝኜ ነው... ወይስ "ባዮሎጂ አስተማሪው አላወቀም" እንዳይባል?

ኅዳር 26

ግንባረ ነጭ በጓም መዞር ጀመረች። ወደ ግራ ብቻ። ያረገዘች ናት።

"ጾም ነው፣ አርጄ ምን ላደርጋት? እስከ ገና ትድረስልኝ" አለች ይርገዱ። ሣር በእጇ ታጎርሳታለች። ጭንቅላቷን ደግፋ ውሃ ታጠጣታለች። አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 27

አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 12

የሚካኤል ማኅበር። ደርቤ ሰው ሁሉ ባለበት፣ "ቀሳውስቱ ያንን ግቢ ጠበል ይርጩት፣ ሴትዮዋም ትልቀቅ። ነገ ወደ እኛ በግ ይዛመታል" አለ። ይርገዱ በሩ ጥግ ተቀምጣለች። ቀና አላለችም።

አባ ባርናባስ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ምን ይላሉ?"

አፌ ላይ ነበር። እውነት አፌ ላይ ነበር።

"ምርመራ ያስፈልገዋል" አልኩ።

የሃያ ሰባት ዓመት ትምህርቴ ያፈራው ይቺን ነው። ጠላዬን ጨልጬ ወጣሁ። ራሴን ጠላሁት።

ታኅሣሥ 29

ገና። ይርገዱ ግንባረ ነጯን አረደች። ሆዷ ውስጥ ሁለት ግልገል ነበር አለች። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። የበጓን ራስ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ፣ "በዓል ነው፣ መከታም ይደሰት" አለች።

የበዓል ስጦታ እንዴት ይመለሳል? በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እግዜር ይስጥሽ አልኩ።

ከነጭ ሽንኩርቱ ማሳ በስተጀርባ ቀበርኩት። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ዶማው ይነጥራል፣ ጉልበቴም እንቢ አለኝ። ክንድ አይሞላም ጉድጓዱ። ድንጋይ ጫንኩበት።

ታኅሣሥ 30

ድንጋዩ ተገልብጧል። ጉድጓዱ ባዶ ነው። መከታ አፍንጫው አፈር ሆኖ ጅራቱን ይቆላልኛል።

እንክብል የለኝም።

ጥር 14

ዳባት ወረድኩ። የከብት መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ጋ ጠየቅኩ። አንዱ "ለውሻ?" ብሎ አብሮት ላለው ሰው ጠቀሰው። ሳቁ።

እየሩስ ከበየዳ ተመልሳለች አሉ። የእንስሳት ጤና ኬላው በር ድረስ ሄድኩ። ድምጿ ይሰማኛል፣ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ በሬ ታወራለች። "ቲቸር፣ ነገሯቸው?" ብትለኝስ?

ተመለስኩ።

ጥር 16

መከታን አሰርኩት። አሩን በሣሯ ላይ እንዳይጥልባት። ብልሃት መሆኑ ነው። ታስሮ አያውቅም። ገመዱን ይነክሳል፣ ይጮኻል፣ አይበላም። በጎቹ ሲወጡ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

ጥር 21

ሌሊት ጅብ የይርገዱ ጉረኖ ገባ። ሁለት ወሰደባት። መከታ እዚህ ታስሮ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። የሰለቸው መስሎኝ... ትራስ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተኛሁ።

ጠዋት መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ምነው መምህር፣ መከታን አሰሩብኝ? ምን በደልኩ?"

"እግሩን አሞት ነው።"

ጎንበስ ብላ አራት እግሩን ተራ በተራ ዳበሰችለት። አንዱም ሲነካ አላመመውም። ከሄደች በኋላ ልፈታው ስጠጋ ነከሰኝ፤ ስድስት ዓመት ያሳደግኩት ውሻ። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ፈታሁት። ወደ እኔ ሳይዞር ቁልቁል ሮጠ።

የካቲት 20

ሌሎች ሁለት በጎቿ መዞር ጀመሩ። ከየትኛው ራስ ይሆን? ከጥቅምቱ? ከለመነችው? እኔ ካወቅኩ በኋላ ሌላም ሰው ጥሎለት ይሆናል... እንዲህ እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

መጋቢት 6

እየሩስ ሰፈሩን ቤተክርስቲያኑ ሥር ሰበሰበች። ስለ አዙሪት ልታስተምር። ወረቀት ላይ ክብ ሥላለች፣ ቀስቱ ቀይ ነው። እኔ ኋላ ተቀምጫለሁ።

ደርቤ ከመሐል ተነሥቶ "እንግዲያ የመምህር ውሻ ይገደላ!" አለ።

"ውሻው ምን ጥፋት አለበት? የሰጡትን በላ" አለችው። መድኃኒት መጥቷል፣ ዛሬውኑ ውሻ ሁሉ ይወስዳል አለች። ቀጥላ፣ በንጹሕ ልቧ... "ደግሞ ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ ለመምህር ኅዳር ላይ ነግሬያቸዋለሁ፣ ከእሳቸው ሰምታችኋል።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አባ ባርናባስ መቋሚያቸውን አዩ። እየሩስ ግራ ገብቷት ዓይኖቿ እኔን ፈለጉ፣ አገኙኝ፣ ገባት። ቶሎ ወደ ወረቀቷ ዞረች።

ይርገዱን መንገድ ላይ ደረስኩባት። "ይርገዱ... ሐዘን እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው።"

አልቆመችም። እየሄደች፣ "እኔማ አላውቅም ነበር። የማያውቅ ሰው ምን ያፍራል?" አለች። ጥቂት እንደተራመደች ቆመች። "ለገና ሳመጣልዎ ግን በሁለት እጅዎ ተቀበሉኝ፣ መምህር።"

መንገዷን ቀጠለች።

መጋቢት 7

መከታ እንክብሉን ወሰደ። እየሩስ ራሷ ሰጠችው። ቲቸር አላለችኝም፤ "እንደምን አደሩ" ብቻ።

መጋቢት 28

ይርገዱ ሄደች። የቀሩትን በጎች ሸጠች። መሬቱን ደርቤ የእኩል ሊያርሰው ነው። የእኩል ይበሉት እንጂ ጎንደር ሆና ማን ድርሻዋን ያመጣላታል?

ሚኒባሱን ስትጠብቅ መከታ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ከመቀነቷ ጫፍ ዳቦ ፈትታ አበላችው። "አንተማ ምን አደረግከኝ" ስትለው ሰማሁ። ልሰናበታት ቀረብኩ። ወደ መኪናው ገባች።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ።

መከታ ወፍሯል። ጸጉሩ ያበራል። ቂጡን መጎተት ትቷል። ጠዋት ጠዋት አሁንም ወደ ባዶው ጉረኖ ይወርዳል፣ በሩ ላይ ይተኛል። እኩለ ቀን ላይ ሄጄ ጠራሁት። አየኝ። አልመጣም።

ሰፈሩ ዛሬ ራስ ሁሉ ቀበረ። በጥልቅ፤ ልጆች ሳይቀሩ ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር ማለት ነው... አንድ ጊዜ መንገር ብቻ።

ማምሻውን ደርቤ መጣ። የበግ ወርች በአዲስ ፎጣ ጠቅልሏል።

"ይሄ የመከታ አይደለም፣ የእርስዎ ድርሻ ነው። ራሱን ቀብሬዋለሁ፣ አይስጉ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌላ ሰው ቢሆን ኅዳር ላይ ይለፈልፍ ነበር። እርስዎ ግን ትልቅ ሰው ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

ልወረውርበት ፈለግሁ። ውጣ ከቤቴ ልለው ፈለግሁ። ፎጣውን እንደዘረጋልኝ ቆሟል፣ ፈገግ እንዳለ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩት።