አንዴ ካንኳኳሁ አዎ ነው

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ አንድ እግሩ ካጠረው ጠረጴዛ ላይ

ለልጄም ለሥራ ባልደረባዬም፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ የኔ እናት? እኔ ከጉሮሮዬ በቀር ደህና ነኝ። መጀመሪያ የሚያሳስብሽን ላውጣልሽ። እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ያነሳሁት እኔው ነኝ። «እማዬ፣ አለሽ? ተቀይመሽኝ ነው?» ስትዪ ሰምቻለሁ። መልስ ስታጪ ዘጋሽው። ምን አድርገሽኝ እቀየምሻለሁ? ሐኪሙ የድምፅ አውታሬ ላይ እብጠት አግኝቶ፣ እስከ ቀጠሮዬ ድረስ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ከልክሎኝ ነው። ዕድሜ ልኬን «ተከተሉኝ፣ ድገሙ» ስል የኖርኩበት ዋጋ ነው አለ። አባትሽ ግን ቤቱ ሰላም ሆኖለት መሰለኝ፣ ፊቱ ሞላ ብሏል።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርቶኝ፣ «እርስዎን ማስከፋት አልፈልግም፤ ግን እንግሊዝኛ ያለ ድምፅ እንዴት ይሆናል? ሰባተኛ ክፍልን ለሌላ ሰው ብሰጠውስ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እየተናገረ ብዕሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ ግን ሰባተኛ ክፍልን ከምሰጥ ጥርሴን ባወልቅ ይሻለኛል። በቁራጭ ወረቀት ላይ «ሐሙስ መጥተው ከኋላ ይቀመጡ፤ ልጆቹ ካልተናገሩ ይውሰዷቸው» ብዬ ጻፍኩለት።

አንቺ እዚያ ሩቅ አገር ልጆችሽን እንዴት እንደምታስተምሪ በስልክ ስታጫውቺኝ እስቅ አልነበር? አሁን አንድ በአንድ ትዝ ይለኝ ጀመር። ሳይደግስ አይጣላም።

በሌብነቱ ጨዋታሽ ጀመርኩ። ሒሳብ አስተማሪያችንን ታውቂዋለሽ፤ ከቁም ነገር ውጪ ሲያወራ የሰማው የለም። እሱን ለምኜ፣ በትምህርቱ መሃል በሩን በርግዶ ገብቶ የጠመኔ ሳጥኔን ይዞ ሮጠ። እኔ ሰሌዳው ላይ «ምስክሮች ናችሁ፤ ሌባው ምን ይመስላል?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ኮቱ ጥቁር ነው፣ የለም ቡናማ ነው፣ ረጅም ነው፣ ድንክ ነው እያሉ በእንግሊዝኛ ተሟገቱ። አንዱማ ጢም አለው ብሎ ማለ፤ ምስኪኑ ሰውዬ አገጩ ላይ አንዲት ፀጉር በቅላ አታውቅም። ይኸው አሁን ባገኘኝ ቁጥር «ደግሜ የምሰርቀው መቼ ነው?» ይለኛል።

ለዛሬ ግን ያንቺን የከረጢት ጨዋታ አቆየሁ። አንድ ዕቃ ከረጢት ውስጥ ደብቄ ልጆቹ እየጠየቁ ያገኙታል። መናገር ስለማልችል መልሱን በጣቴ አንጓ አደረግኩት። ጠረጴዛውን አንዴ ካንኳኳሁ አዎ፣ ሁለቴ ካንኳኳሁ አይደለም፣ መዳፌን ዝም ብዬ ካስቀመጥኩ አላውቅም ማለት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ተቀመጠ። መጀመሪያ ከረጢቱን አንስቼ አሳየኋቸው። ከዚያ አንዱ በእንግሊዝኛ «ይበላል?» አለ። ሁለቴ አንኳኳሁ። «ቤት ውስጥ ይገኛል?» አንዴ። «ተሰብሯል?» አንዴ። «የሠራው ሰው ሥራውን ይወደው ነበር?» ስትል አንዷ መዳፌን አስቀመጥኩ። ይኼኔ ክፍሉ ተነቃነቀ። መምህሯ የማታውቀው ነገር አለ ለካ! ከዚያ በኋላ ዕቃውን ረስተው መዳፌን እንዳስቀምጥ የሚያደርግ ጥያቄ ለማግኘት ይሽቀዳደሙ ጀመር። «ዕቃው ጨለማ ይፈራል?» «ባለቤቱ ፈልጎታል?» እንደዚህ ያለ ጥያቄ በዕድሜዬ አስተምሬ አላውቅም፤ ከየት እንደሚያመጡት እስካሁን ይገርመኛል። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ራሱ አላስችለው ብሎ እጁን አወጣና «ወርቅ ነው?» አለ። ሁለቴ ሳንኳኳ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዕቃው የወጥ ቤታችን የቧንቧ እጀታ ነው፤ አንቺ ለመሄድ ስትጣደፊ በእጅሽ የቀረው። አባትሽ እስከዛሬ በፒንሳ ነው የሚከፍተው፤ አዲስ ግዛ ብለው አሻፈረኝ አለ።

ሰባተኛ ክፍል እኔው ጋ ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩ ሲወጣ ጠረጴዛዬን አንዴ አንኳኩቶ ሄደ።

ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲሮጥ፣ ሹክሹክታ ብለን የምንጠራት ዝምተኛዋ ልጅ ወደኋላ ቀረች። አጠገቤ መጥታ፣ ቃላቱን እየመረጠች፣ በእንግሊዝኛ «ድምፅዎ ይመለሳል?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። እሷም የራሷን ትንሽ መዳፍ አጠገቡ አሳረፈችና ሄደች።

ሰኞ ቀጠሮዬ ነው፤ እብጠቱን ለማውጣት ጉሮሮዬን ይከፍቱኛል። አባትሽ አብሮኝ ይሆናል፤ ትኬት ልቁረጥ እንዳትዪ፣ ልጆችሽን ፈተና ላይ ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?

ይህን ደብዳቤ አባትሽ ዛሬውኑ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ እሁድ ግን ደውዪ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጠብቅሻለሁ። በልተሻል ወይ በዪኝ፣ አንዴ አንኳኳለሁ። ፈርተሻል ወይ ካልሽኝ ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ አትመኚኝ። ናፍቄሻለሁ ወይ ካልሽኝማ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምደልቀው።

እንዳንቺ ያለ ልጅ የሰጠኝ አምላክ ተማሪዎችሽን አፍ፣ አንቺን ጤና ይስጥልኝ። የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ።

አደራሽን፣ ጠይቀሽኝ ምንም ድምፅ ካልሰማሽ ቶሎ አትዝጊው። መዳፌን አስቀምጬ ነው።

እናትሽ