በሁዳዴ የመጣው የጥጃ መድኃኒት

አምበር፣ ማክሰኞ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩

ዛሬ የንስሐ አባታችንን አባ ገብሬን ረታኋቸው! በሁዳዴ፣ ያውም በሰው ፊት።

የጣሊያኑ ሐኪም የፈንጣጣ ክትባት ይዞ መጣ። ጣሊያንን እጠላለሁ፤ ፈንጣጣን ግን የበለጠ። ጎረቤታችን ሁለት ልጆቿን ስለቀበረች፣ እናቴ ትንሹን ወንድሜን ታደሰን አዝላ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። አስተርጓሚው ግን ምን አስለፈለፈው? መድኃኒቱ ከጥጃ ቁስል የተወሰደ መሆኑን ተናገረ። አባ ገብሬ ብድግ አሉ።

«በጾም የጥጃ ነገር ሰውነት ውስጥ አይገባም! ከፋሲካ በኋላ ይምጣ።»

እናቴ ልጁን እንዳዘለች ወደ ቤት ዞረች። ፈንጣጣ ፋሲካን ይጠብቃል እንዴ?

«አባቴ፣ ዳዊትዎ የተጻፈው በምን ላይ ነው?» አልኳቸው።

«በብራና ነዋ።»

«ብራናውስ?»

«የፍየል ቆ...»

«ታዲያ ሁዳዴን ሙሉ በአፍዎ ሲሳለሙት ጾምዎ ፈረሰ? ታደሰ እኮ በአፉ ሳይሆን በክንዱ ነው የሚከተበው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባም «አንቺ ምላሳም!» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከታደሰ በፊት ተከተቡ። እናቴም ከመንገድ ተመልሳ ታደሰን አስከተበችው።

ታደሰ ክንዱን ለመንደሩ ሁሉ እያሳየ ይኩራራል። ለእኛ የቆሰለችውን ጥጃስ ማን አስፈቅዷታል? አባን ልጠይቃቸው ነበር፤ ግን ሽማግሌን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መርታት ነውር ነው።