ዘጠኝ የቆጠረችው መንገደኛ

ለከተማ ባቡር አገልግሎት ድርጅት
ለመንገደኞች አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 19

ጉዳዩ፦ በእንግዶች የባቡር አጠቃቀም መመሪያ ተራ ቁጥር 3 ላይ ያለው ስህተት ለሦስተኛ ጊዜ ከመታተሙ በፊት እንዲታረምና የአንዲት መንገደኛ ቅሬታ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በድርጅቱ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ ስሆን፣ ያለፉትን ስምንት ዓመታት የሠራሁት በመረጃ መስኮት ነው። ከላይ የተጠቀሰውን መመሪያ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። ከታተመ ወዲህ ባልደረቦቼ «መመሪያው» እያሉ ይጠሩኛል። ስሙን ጠልቼው አላውቅም ነበር። አሁን ግን በራሴ መጽሐፍ ላይ አቤት ማለቴ ነው፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ቢሉኝ እውነታቸውን ነው።

2. መመሪያው አሥራ አራት ተራ ቁጥሮች አሉት። ወራጅ ሳይወርድ አይሳፈሩ፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በቀኝ በኩል ይቁሙ፣ ቲኬትዎን እስኪወጡ ድረስ አይጣሉ፣ መውጫው ላይ የታተመበት ቲኬት መልሶ አያስገባም፣ ወዘተ። ተራ ቁጥር 3 እንዲህ ይላል፦ «ከአውቶቡስ መናኸሪያ ተነሥተው ወደ ሆስፒታል የሚሄዱ ከሆነ፣ የተሳፈሩበትን ጣቢያ አንድ ብለው ይቁጠሩ፤ ዘጠነኛው ላይ ይውረዱ።»

3. እናቴ የምትኖረው በሌላ ከተማ ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ጆሮዋም ይከብዳል፣ ስለዚህ ከጣቢያው ሰሌዳም ሆነ በባቡሩ ውስጥ ከሚነገረው ማስታወቂያ የምትጠቀመው ነገር የለም። ቆጠራን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሹራብ ስትሠራ የኖረች ናትና ማንም አይበልጣትም። የልብ ሐኪም ቀጠሮ ስታገኝ መመሪያውን በስልክ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። በሦስተኛው እሷው በቃሏ አለችልኝ። ሄጄ ልቀበላት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ጠዋት ከውጭ የመጡ ልዑካን ጉብኝት ስለነበራቸው በአለቃዬ ትእዛዝ መመሪያውን ሳድልና ባቡር አሳፋፈር ሳስረዳ ዋልኩ።

4. ቀጠሮዋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። በቲኬቷ ላይ እንደታተመው በሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ የወጣችው በመጨረሻው ጣቢያ ነው። እዚያ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ደረጃው መቶ አሥራ ሁለት ነው፣ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። ከላይ ስትደርስ ያገኘችው የእንጨት መጋዘን ነው። የታተመበት ቲኬት መልሶ እንደማያስገባ ታውቃለች። ሌላ መቁረጥ ትችል ነበር፤ ሆኖም መመሪያው ቲኬት የሚቆረጥበትን መስኮት የሚያሳየው ለመናኸሪያው ጣቢያ ብቻ ነው፤ ይህም የእኔው ጉድለት ነው። በእግሯ ተመለሰች። እየቆመች፣ አጥር እየተደገፈች፣ ሆስፒታል ስትደርስ አራት ሰዓት አልፏል። የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ «በሰዓቱ አልቀረቡም» ብሎ ጽፎ ከአራት ወር በኋላ ቀጠራት።

5. የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ስትመጣ ተቆጣኋት። «እማዬ፣ እስከ ዘጠኝ መቁጠር እንዴት ያቅትሻል?» ነበር ያልኳት። ለልዑካኑ ስደክም የዋልኩበት ንዴት ጭምር ነበረበት። እሷም «እውነትክን ነው ልጄ፣ መሀል ላይ ሳላሸልብ አልቀረሁም» አለችኝ። እግሯን በሞቀ ውኃ ነክራ እራት ሳትበላ ተኛች። በማግስቱ ወደ ከተማዋ ተመለሰች።

6. ለሁለተኛው ቀጠሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አረፈች። በከተማዋ ያያት ሐኪም «በጊዜው ታይተው ቢሆን» ብሎ ጀምሮ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቷ እንደነገረችኝ፣ እናቴ በዚያ በመጨረሻው ጣቢያ ቀይ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞቻችንን አይታ ነበር። መጠየቅ አፍራ ነው። «የልጄን መጽሐፍ ይዤ ጠፋሁ ልበላቸው?» ብላለች አሉ።

7. ቦርሳዋን ያየሁት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ቲኬቱ፣ የቀጠሮ ካርዱና አንድ መሐረብ ነበሩበት። በመሐረቡ ጠርዝ ላይ በእኩል ርቀት የተቋጠሩ ቋጠሮዎች አሉ፤ ዘጠኝ ናቸው። የተሳፈረችበትን ጨምሮ ባቡሩ በቆመ ቁጥር አንድ ትቋጥር እንደነበር ገባኝ። አላሸለበችም ማለት ነው።

8. በዕረፍት ቀኔ መሐረቡን በኪሴ፣ መመሪያውን በእጄ ይዤ ከመናኸሪያው እንደ እንግዳ ተሳፈርኩ። የተሳፈርኩበትን አንድ ብዬ ጀመርኩ። ስምንት ስል ሆስፒታል ደረስን። መጽሐፉ ያለኝን ለመፈጸም ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ስል የእንጨት መጋዘኑ ሥር ነበርኩ።

9. የስህተቱ ምክንያት የሚከተለው ነው። እኛ ሠራተኞች ጣቢያ የምንቆጥረው ባቡሮቹ ከሚያድሩበት ዴፖ ነው። አሽከርካሪውም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ጥገናውም ዴፖውን አንድ፣ መናኸሪያውን ሁለት፣ ሆስፒታሉን ዘጠኝ ይላል። በዴፖው ግን አንድም መንገደኛ አይሳፈርም። ረቂቁን አሥራ አንድ ሰዎች አንብበው ፈርመውበታል፤ አሥራ አንዱም የቤት ሰዎች ስለሆንን ለማንኛችንም አልታየንም። ሰሌዳ ማንበብ የሚችል እንግዳ ጣቢያው ቢያልፈውም በሚቀጥለው ባቡር ይመለሳል፤ ለአንድ ጣቢያ ብሎ አቤቱታ የሚጽፍ የለም።

10. ጉዳዩን ለሕትመት ክፍሉ ኃላፊ በቃል አመለከትኩ። መመሪያው የሚታረመው መንገደኛ በጽሑፍ ቅሬታ ሲያቀርብ ብቻ እንደሆነ፣ እስካሁን አንድም ቅሬታ እንዳልቀረበና ሠራተኛ ቅሬታ አቅራቢ መሆን እንደማይችል ገልጸውልኛል። አርባ ሺህ ቅጂ በሚመጣው ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ የጉዳዩ ባለቤት መጮህ ስለማትችል እኔ በእሷ ስም ጽፌአለሁ።

11. በሥራዬ ላይ ነኝ፤ መስኮቴን በሰዓቱ እከፍታለሁ። አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰው መንገድ ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ ሆስፒታሉን ሲጠይቀኝ ግን ከመስኮቴ ወጥቼ እስከ ባቡሩ በር አደርሰዋለሁ። ለዚህም ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ማስጠንቀቂያው አግባብ ስለሆነ አልቃወምም።

ስለዚህ፦

ሀ. «ዘጠነኛው» የሚለው «ስምንተኛው» ተብሎ እንዲታረምና እስከዚያው ሕትመቱ እንዲቆም፤

ለ. መመሪያው ከመታተሙ በፊት ከተማዋን የማያውቅ ሰው ይዞት እንዲሳፈር፤

ሐ. ቅሬታው በእኔ ሳይሆን በመንገደኛዋ ስም እንዲመዘገብ፤ በእኔ ላይ የሚወሰደውን እርምጃ ለመሥሪያ ቤቱ እተዋለሁ፤

መ. በሚሰጠኝ የጽሑፍ መልስ ላይ «የመንገደኛዋ ቆጠራ ትክክል ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። «በሰዓቱ አልቀረቡም» ከሚለው ካርድ ጋር አያይዤ ላስቀምጠው ነው። እኔ በአፌ ልነግራት የሚገባኝ ጊዜ አልፎብኛል።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የመረጃ መስኮት ሠራተኛ፣ የመንገደኛዋ ልጅ

አባሪ፦
መመሪያው፣ አንድ ቅጂ
በመጨረሻው ጣቢያ የታተመበት ቲኬት
የቀጠሮ ካርድ፣ ኮፒ
መሐረቡን አላያያዝኩም። በመዝገብ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቋጠሮው ሊፈታ ይችላል። ለማየት ከተፈለገ ይዤ እቀርባለሁ።