አልከፈት ያለው የኮድ መጻፊያ እና የጽዮን ዳቦ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንደገና ነካሁት፤ መስኮቱ ብልጭ አለና ተዘጋ። እስከ ትናንት እንደ ቤቴ በር ይከፈት የነበረው የኮድ መጻፊያ ዛሬ ፊቱን አዞረብኝ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ዊንዶውሱ ይነሳል፣ መዝሙሩንም ያጫውታል። ያኮረፈው መጻፊያው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም፣ ፕሮግራም መጻፍ የምንሠለጥንበት ቦታ ሥራችንን እናሳያለን። በገዛ ኮምፒውተራችን ተከፍቶ ካልሠራ ሁለተኛው ዙር የለም። ከክፍሉ ውስጥ ልጅ ያደረስሁ እኔ ብቻ ነኝ። መቅረት ግን አልፈልግም፤ ገና አሁን ነው የጣመኝ።

የምሠራው የጠበል ጠዲቅ ተራ ነው። ቡሬ የሰፈራችን ሴቶች ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን ዳቦና ጠላ በተራ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንወስዳለን። ወሩ አሥራ ሁለት፣ እኛ አሥራ አንድ ስለሆን ተራው በየዓመቱ ይንሸራተታል። ክረምት ላይ በአንዱ ወር ሁለት ሴቶች ጋገሩ፣ በሚቀጥለው ማንም አልጋገረ፤ ቄሶቹ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። የኔ ፕሮግራም ቀኑን ከኮምፒውተሩ ጠይቆ የተረኛዋን ስም ያወጣል። ለዚሁ ብዬ ዛሬ ጠዋት በፈረንጅ ይሄድ የነበረውን የኮምፒውተሩን ቀን ወደኛው 2018 መለስሁት። እንዲህ ተሰናድቼለት ነው የከዳኝ።

ጎረቤቴን ባንችአምላክን «የእሑዱ፣ የኅዳር ጽዮን ተረኛ አንች ነሽ» አልኋት።

«እኔ አይመስለኝም» አለች። «ጠላውን እጠምቃለሁ። ዳቦውን ግን ያ ማሽንሽ ሳይፈርድ አላቦካም።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ለአሠልጣኛችን ለመምህር አብርሃም ደወልሁ። የልጄ እኩያ ናቸው፤ ቢሆንም መምህር መምህር ነው። «እትየ የሺ፣ አጥፍተው እንደ አዲስ ይጫኑት» አሉኝ። ከፍላሽ ላይ ጫንሁት። ብልጭ፣ ድርግም።

ያልሞከርሁት የለም። አጥፍቶ ማብራት። በቀኝ ጠቅ አድርጎ እንደ አስተዳዳሪ መክፈት። ጸረ ቫይረሱን ማስተኛት። ጠበል ልረጨው አማረኝና ኤሌክትሪክ ነው ብዬ ተውሁት።

ባሌ አያሌው በሩ ላይ ቆሞ «አንች ሴትዮ፣ በሬ ሲለግም ይፈቱታል እንጂ አይነዘንዙትም» ይለኛል። እሱ በሬ የለገመበት ቀን ሲሳደብ ነው የሚውለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ጾሙም ይዞኛል፣ ሆዴም ራሴም ባዶ። ምናልባት መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ አበላሽቶት ይሆን? ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት የሆነ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ዓይን አይደርስበትም። እንደምንም ልይዘው ይገባል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ያዝሁት። ስልኬን ጣሳ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ ቀረጽሁ፤ ከዚያ ጽሑፉ ብቅ ያለበት ላይ አቆምሁት። ቀይ እንግሊዝኛ ነው። በመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ ፈታሁት፦ የመጻፊያው ፈቃድ የሚጀምርበት ቀን ገና አልደረሰም ይላል። የሚጀምረው በ2023 ነው። ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደ ጥጉ ሄደ። ኮምፒውተሬ 2018 ይላል።

ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ በእኛ አቆጣጠር ስሞላለት እሱ የፈረንጅ መስሎት ኖሯል። ለካ መጻፊያው ገና አልተወለደም። ያልተወለደን ሰው በር ክፈት ቢሉት በምን እጁ ይከፍታል?

ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለስሁት። ተከፈተ። እልልታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሌላ ጭንቅ። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ቀን ከሄደ ፕሮግራሜ ሃያ አንድን ከየት ያውቀዋል? ከመስከረም አንድ ጀምሮ ቀን እየቆጠረ በሠላሳ በሠላሳ እንዲከፍል ጻፍሁለት። የእኛ ወር ሁሉ እኩል መሆኑ ምን ያህል ደግ ነገር እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ገና አወቅሁ። ጳጉሜን ላይ ይደናበራል። ይደናበር፤ እስከዚያ ጊዜ አለኝ።

ዛሬን ጠየቅሁት፤ ኅዳር 19 አለኝ። ስሞቹንም መጀመሪያ በተስማማንበት ቅደም ተከተል አስገብቼ አስቀመጥሁ። ተረኛዋን ልጠይቀው ስል መብራት ሄደ። ባትሪው እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

በጠዋቱ ሚኒባስ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ሄድሁ። ተጠራሁ። ነካሁትና ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ተከፍቷል።

«እስኪ የነገውን ያሳዩን» አሉ መምህር አብርሃም።

ጠየቅሁት። «ኅዳር 21። ተረኛ፦ የሺ።»

ተሳስቶ እንዳይሆን እዚያው በጣቴ ቆጠርሁ። አልተሳሳተም። የክፍሉ ልጆች ሳቁብኝ። «አልፈዋል፣ እትየ የሺ» አሉ መምህሩ። «ነገ ግን ዳቦ አለብዎት።»

ቡሬ እንደወረድሁ ወደ ባንችአምላክ ቤት ሄጄ ተረኛዋ እኔው መሆኔን ነገርኋት።

«ማሽንሽን ወደድሁት» አለች፣ ዘና ብላ። «ጠላው ደርሷል፤ ውሰጅ። እንስራውን ግን ራስሽ ትሸከሚያለሽ።»

ሊጡን አቡክቼ ነው ይህን የምጽፍ፤ ዱቄቱ ከጣቴ አልለቀቀም። እርሾው የሰነበተ ነው፣ እስከ ማለዳ ኩፍ ይበል አይበል አላውቅም። እየተነሳሁ ክዳኑን እከፍታለሁ። አያሌው «ተይው እንጂ፣ ስትነካኪው ነው የሚከዳሽ» ይላል።

ተውሁት። ትንሽ ቆየሁና መልሼ ከፈትሁት። ጠርዙ ላይ አረፋ አውጥቷል።