ለቤቴል የተተከለው ድንኳን

ወንድምዓለሜ፣

የጌታ ሰላም ካንተም ከቤትህም ጋር ይሁን። የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፍ እንደ ድሮው ነው፤ ይመጣል፣ ያየኛል፣ ይሄዳል።

የላክኸው ቃል ደርሶኛል። ልጄ ቤቴል በአሥራ አምስት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ እንደወጣች ከቀረች አራት ዓመት አለፈ፤ ፖሊስም ፋይሏን መደርደሪያ ላይ ካኖረው ቆየ። አንተ ደግሞ ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ ጉርሜሳ ደውለህ «እህቴ ለቅሶ ትቀመጥ፣ ይውጣላት» ብለሃል። መጡ። መሬት መሬቱን እያዩ ነገሩኝ።

ጥቁር አልለብስም አልኳቸው። ሬሳዋን ያላየሁትን ልጅ አልቀብርም። ድንኳኑን ግን ትከሉት።

ግራ ገባቸው። ራሳቸው ያጫወቱኝን አስታወስኳቸው። ሰፈራችን ላፍቶ እርሻ በነበረ ጊዜ የአባታቸው በሬ ተሰርቆ አገሩ በሙሉ አውጫጭኝ ተቀምጧል። ያየውን ሳይናገር ማንም ወደ ቤቱ አልገባም። ለበሬ የተደረገው ለልጄ ይደረግ አልኳቸው። «አንቺስ ከአባቴም ትብሻለሽ» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ ተተከለ። ነጠላ ዘቅዝቀው የመጡ ነበሩ። አታልቅሱ፣ ተናገሩ አልኳቸው። ባለሱቋ ማሚቴ ተቆጣች። «እኛን ነው የምትጠረጥሪው? ስንት ቀን ዳቦ ያበላኋትን?» አለች። አዎ፣ ሁላችሁንም፤ ተቀመጪ አልኳት። ተቀመጠች።

እያለ እያለ ተራው ፍሮምሳ ጋ ደረሰ። ያኔ የታክሲ ረዳት ነበር፣ ለሰፈሩም አዲስ። በጠፋችበት ቀን ለቡ መብራት ኃይል ስትወርድ አይቷታል። ቦርሳዋን አንድ ትልቅ ሰው ይዞላት ነበር። «አባቷ መስሎኝ ነው፤ ከአባቷ ጋር ያለች ልጅ ጠፋች ይባላል እንዴ?» አለ። አባቷማ ሳትወለድ ነው የሞተው። ሰውየው ምን ይመስላል አሉት። «መልኩ ጠፍቶብኛል» አለ። «ፍንጭት ነው። ሂሳብ ሲሰጠኝ ስቆልኛል።»

ድንኳኑ ሁሉ አፌን አየ።

ከንፈሬን ገጠምኩ። ከእናታችን የወረስነው ነገር ግን ተገጥሞ አይደበቅም። ማንንም በስም አልጠራሁም። አንተ ያን ሳምንት ከሐዋሳ ንቅንቅ አላልክም፤ ለፖሊስ የሰጠኸው ቃል ይኸው ነው። እኔ ምን አውቃለሁ።

ስለዚህ ና። ከዘመድ ያልተናገርከው አንተ ብቻ ነህ። ጋሽ ጉርሜሳ ወንበር አስቀምጠውልሃል፤ ማንም አይቀመጥበትም። እድርተኛው ማጉረምረም ጀምሯል፤ ያለን ድንኳን አንድ ነው፣ ሰው ቢሞት ምን ልንሆን ነው ይላሉ። እንግዲያው ወንድሜ እስኪመጣ ማንም እንዳይሞት አልኳቸው።

መንገድህን ጌታ ይጠብቅልህ። አንደበትህን ይፍታልህ።

የእናትህ ልጅ፣
የቤቴል እናት