የሰረዝሁት መስመር

ቡሬ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለተወደድህ ልጄ ለክንፈሚካኤል፣

ይህ ደብዳቤ በፈረስ ቤት አገር፣ ከአርበኛ ጓዶችህ መካከል በደኅና እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። እናትህ ጤፉን አሳጭዳ አስከምራለች። ጣሊያንም ከምሽጉ ወጥቶ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ሁለት ሳምንት አልፏል።

ለወንድምህ ለታከለ አርባ የሰደድኸው የለቅሶ ግጥም በመልእክተኛህ በሲሳይነሽ እጅ ደርሶኛል። «በደንብ ተባለልን?» ብለህ ጠይቀሃል። ተበላሽቶ ነበር፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። መርዶው ከደረሰን ጀምሮ እንባ እንዳልወጣኝም ሳትሰማ አልቀረህም።

ሃያ ዓመት በዳኝነት ስቀመጥ ባለጉዳይ ነገሩን በደጋገመ ቁጥር «ሰምተናል፣ እለፍ» ማለት ልማዴ እንደ ነበረ ታውቃለህ። ግጥምህንም በዚያው ዐይን አነበብሁት። በአራቱም አንጓ መጨረሻ «ከብቶቹ ገብተዋል፣ ታከለ አልገባም» ይላል። የመጀመሪያውን ትቼ ሦስቱን ሰረዝሁ። የቀረውን ለአልቃሿ ለወይዘሮ አልጣሽ አነበብሁላትና በቃሏ ያዘችው።

በአርባው ዕለት ኮርቻውንና በርኖሱን ከዳሱ ፊት አኖርን፤ ጠመንጃውን ለማውጣት አልደፈርንም። አልጣሽ የመጀመሪያውን አንጓ አውርዳ መስመሩን ስታነሣ ሕዝቡ ተቀበላት፤ ደረት ተመታ። ሁለተኛውን ስትጨርስ ግን ሕዝቡ የሚቀበለው አጥቶ እጁን እንዳነሣ ቆመ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ጎረቤታችን ረዳ፣ «የመጣነው ለለቅሶ ነው ወይስ ለችሎት?» ሲል ሰማሁት።

አልጣሽ አቋርጣ ወደ እኔ መጣች።

«ግራዝማች፣ ልጁ እንዲህ አድርጎ አይገጥምም። የቀረ አለ።»

«የተደጋገመውን ሰርዤዋለሁ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይዞ ያልቅስ? ብቻዬን አልቅሼ ልሂድልዎ? እስቲ የሰረዙትን ይበሉት።»

«ያው የመጀመሪያው ነው። ታውቂው የለም ወይ?»

«አውቀዋለሁ ጌታዬ። ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

አልሁት። ሕዝቡ መለሰልኝ። እንደገና አልሁት። ልጄ፣ አንድ ጊዜ ሲባል ወሬ ነው፤ እሱን መቼም ከመስከረም ጀምሮ አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ላይ ግን የበረታችን በር ታየኝ። ሁልጊዜ ከከብቶቹ ኋላ ገብቶ የሚዘጋው ታከለ ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ ማን እንደሚዘጋው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። አራተኛውን ጀመርሁት እንጂ አልጨረስሁትም፤ ሕዝቡ ጨረሰልኝ። አልጣሽ ክንዴን ይዛ እስኪበቃኝ አስለቀሰችኝ።

ማታ እናትህ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። በማግስቱ ግጥምህን በራሴ እጅ ገልብጬ፣ መስመሩን አራቱም ቦታ መልሼ በሣጥኗ አስቀመጥሁት። ሦስቱን መስመሮች ስለ መሰረዜ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ታከለ ሲዘምት ደጅ ድረስ ሸኝቼው «በደኅና ተመለስ» ያልሁት አንድ ጊዜ ነው። አንተንም እንዲሁ። የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

የእናትህ ጸሎት ከፊትህ ይቅደም፤ የእኔ ምርቃት ከኋላህ ይከተልህ። ያደርህበት ዱር ሁሉ ይሸሽግህ።

ተመለስልኝ፣ ልጄ። ተመለስልኝ። ተመለስልኝ።

አባትህ፣
ግራዝማች ይሄይስ